ሸራው

ባጃጁ አወረደን ከየጎፍ ግርጌ፣
እኔ ሸራውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፤
ሾፌሩ ዕቃችንን አይቶ ሳቀ፣
"ቤት የለህም ወይ?" ብሎ ጠየቀ።
አለኝ።
ቆርቆሮው የሚጮህ፣ በሩ የሚቆለፍ፣
ከጨርቃ ጨርቁ ጀርባ፣ ከቦርከና ጫፍ።
ግን ልጆቼ ዛሬ ኮከብ ይቁጠሩ፣
አንድ ሌሊት እንኳን ከደን ውስጥ ይደሩ
ብዬ ነው።

ዘሀራ፣ አንቺ ግን ከንጋት ጀምሮ ዝም።
ድንቹን ቀቀልሽ፣ ቆሎ ቋጠርሽ፣ አላልሽም ምንም።
ሸራውን ከቆጥ አውርጄ አቧራውን ሳራግፍ
እጅሽ ቆሞ አየሁት ከድስቱ አፋፍ።
አይቼ አለፍኩ። ዝምታ እኔንም አያቅተኝም።

ወጣን።
መጀመሪያ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ጽድ፣ ከዚያ ጭጋግ።
ሙኒራ ፊት ፊት፣ መንገድ የምታውቅ ይመስል፣ በዱላ፣
አንዋር፣ የጫማው ሶል በሲባጎ ታስሮ፣ ከኋላ፤
ኢልሃም አንገቴ ላይ ተቀምጣ
"ደረስን?" ትላለች ፀጉሬን እንደ ልጓም ጨብጣ።
ከዳገቱ አጋማሽ የደን ጠባቂው ጋሽ ይመር፣ ጠመንጃው ከሱ ያረጀ፣
"እሳት በድንጋይ መሐል ይሁን" አለን፤ "ፍም ሳያጠፋ የተኛ ስንቱን ጽድ ፈጀ።
ጅብ ብትሰሙ አትደንግጡ፣ እሱም ሰፈሩ ነው" ብሎ
ጉሬዛ አሳየን፣ ነጭ ጭራው ከቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ።
አንዋር፦ "የሼኽ ሙሔ ጢም!"
ሳቅን። አንቺም ሳቅሽ፤ ጥርስሽን ሳልቆጥር አላለፍኩም።
ከላይ ሆነን ስናይ፣ ጦሳ በወዲያ በኩል ደመና ደርቦ
ደሴን ከስሩ ሸሽጓታል።
ሙኒራ ለአክስቷ እጇን አውለበለበች፣ ታየኛለች ብላ።

ሲመሽ፣ ሜዳው ላይ ካስማ መትተን ሸራው በነፋስ ሲነፋ፣
ከጥጉ ያ ሰማያዊ ጽሑፍ፣ ስንቴ ታጥቦ ያልጠፋ፣
ብቅ አለ።
ሙኒራ በከንፈሯ አነበበችው፣ ድምፅ ሳታወጣ።
ያኔ ስምንቷ ነበር፤ ጀሪካን ይዛ ትሰለፍ ነበር ተራዋ እስኪመጣ።
"እኔ አልገባም" አልሽ።
"እኔ ሸራ ስር ተኝቼ ጨርሻለሁ።
ሰባት ወር።
ይቺን ልጅ የት እንዳማጥኳት ረሳኸው?"
አልረሳሁም፣ ዘሀራ።
አስቤው ነበር እንጂ፦ ተገደን የገባንበት
አንድ ቀን ወደን፣ ስቀን ካደርንበት
ጨርቅ ብቻ ይሆናል ብዬ።
እንዲህ ልልሽ አፌን ስከፍት ኢልሃም ተሽቀዳድማ ገብታ
"የኔ ቤት ነው! ጫማ አውልቁ!" አለች፣ ምሰሶውን በእጇ መትታ።
የሳቀ የለም።

ሌሊት ጅብ ጮኸ። ልጆቹ ብርድ ልብስ ሲሻሙ ሲሻሙ
ደከሙ።
ወጣሁ። እሳቱ አጠገብ ነሽ፣ ጋቢሽን ተከናንበሽ፣
ጀርባሽን ለሸራው ሰጥተሽ፣ ፊትሽን ለቁልቁለቱ።
ከታች ኮምቦልቻ፣ የተበተነ መብራቱ።
"ያቺ ናት" አልሽ በጣትሽ፤ "ከፋብሪካው ወዲህ፣ የደጃችን አምፖል።
ሳልነግርህ አብርቻት መጣሁ።"
ምን ልበል?
ያኔ ሰባት ወር ሙሉ፣ ቤቱ ይቁም ይፍረስ ሳናውቅ፣
በሰው ወሬ ስንኖር፣ ከዚያ የመጣን ሁሉ ስንጠይቅ፣
እንዲህ ያለ ተራራ አልነበረንም።

ከዚያ መብራት ሄደ። ከተማው በሙሉ፣ ድርግም።
እጄን ያዝሽኝ። ጥፍርሽ ገባ።
ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም።
ሲመለስ ከሁሉ በፊት እሷን ፈለግሽ፤
"አለች" አልሽ።
"አለች" አልኩ፤
እኔ ግን ከዚያ ሁሉ አምፖል የትኛዋ እንደሆነች አልለየሁም።

ሊነጋ ሲል ዝናብ ጣለ።
ስነቃ ከልጆቹ ዳር ነሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ ተኝተሻል፤
አንድ እግርሽ ከሸራው ውጭ ነው፤ ከነጫማው ረጥቧል።

ስንወርድ ሸራውን ያጠፍሽው አንቺ ነሽ፤
ለአራት፣ ለስምንት፣ እጅሽ ሳይጠይቅ እያወቀ።
ውሃውን አራገፍሽና ትከሻዬ ላይ ጫንሽው፤
"ቆጥ ላይ አይመለስም" አልሽ፤
"በርበሬ ይሰጣበት።"